ለማን ነው የቆምሽው?

በዚህ ገጽ ላይ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ ኡልፓን ነው። በዚህ እትም ግን አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ቡና ላይ ሳለን የቀረበልንንና እዚያው ልንመልሰው ያልቻልነውን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «አስበንበት እንጽፍላችኋለን» ብለን ነበር የተነሣነው፤ ይኸው ጻፍን።

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ኢየሩሳሌም ከሚኖር አንድ ቤተሰብ ነው። የ15 ዓመት ልጃቸው በሰፈሩ ማትናስ ዮጋ ትማራለች። አንድ ቀን የተማረችውን ለማሳየት ሳሎኑ መካከል በግራ እግሯ ቆመች። ቀኝ ጉልበቷን ወደ ኋላ አጠፈችና የእግሯን ጣት በእጇ ያዘች፤ ደረቷን ወደ ፊት ገፋች፤ ጀርባዋን እንደ ቀስት ለመጠች፤ እግሯም ቀስ እያለ ከራሷ በላይ ወጣ። አያቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ፤ «ልጄ፣ ሽመላ መሰልሽ እኮ!» አሉ።

ነገሩ የከረረው አጎቷ ሲመጣ ነው። ከማትናሱ የተሰጣትን ወረቀት አንሥቶ ሲያነብ፣ ያ አቋቋም በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ናታራጃሳና» እንደሚባል፣ ትርጓሜውም «የጭፈራው ንጉሥ አቋቋም» እንደሆነ፣ የጭፈራው ንጉሥ የተባለውም ሂንዱዎች የሚያመልኩት ሺቫ እንደሆነ አየ። «ሱዳን በረሃ ላይ ሰው ቀብረን እዚህ የደረስነው ልጆቻችን ለጣዖት በአንድ እግር እንዲቆሙ ነው?» አለ። ልጅቷ «ስፖርት እኮ ነው!» ብላ አለቀሰች። እናቷ በሁለቱ መካከል ግራ ገባት። አያቷ ዝም አሉ። እኛም ቡናውን ጠጥተን ዝም አልን።

በመጀመሪያ ስለ አቋቋሙ ራሱ ትንሽ እንበል። ከዮጋ ከባድ ልምምዶች አንዱ ነው። ጀማሪ ቁርጭምጭሚቱን ከጎን ይዞ እግሩን በመጠኑ ቢያነሣ ይበቃዋል፤ ሙሉው ዐይነት ግን ክርን ወደ ላይ ዞሮ፣ እጅ ከራስ በላይ አልፎ፣ ከኋላ የመጣውን እግር የሚቀበልበት ነው። ለዚህም የጭን ፊት፣ ብሽሽት፣ ደረትና ትከሻ አስቀድመው መፍታታት አለባቸው፤ አለዚያ ሸክሙ ሁሉ በታችኛው ወገብ ላይ ይወድቅና ሕመም ያስከትላል። (ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ያለ አስተማሪ እንዳይሞክሩት።) እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ሚዛኑ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የቆመው ሰው እንደ ሐውልት የረጋ ይመስላል። ጎንበስ ብለው የቆመበትን እግር ቢያዩ ግን ቁርጭምጭሚቱ አንዲት ቅጽበት እንኳ አያርፍም፤ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይመለሳል፣ ወደ ግራ አዘንብሎ ይመለሳል። ሰውነታችን ሚዛኑን የሚጠብቀው በዐይን፣ በውስጠኛው ጆሮ፣ እንዲሁም በጡንቻና በመገጣጠሚያ ስሜት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሥራው በሌሎቹ ላይ ይከብዳል። በአንድ እግር ቆማችሁ ዐይናችሁን ብትጨፍኑ ወዲያው ይገባችኋል። አስተማሪዎቹ «ዐይናችሁን ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ትከሉ» የሚሉትም ስለዚህ ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። የጭፈራው ንጉሥ ሐውልት በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ፣ በተለይም በቺዳምባራም ቤተ መቅደስ የሚከበር ነው፤ ከነሐስ የተሠሩት ታላላቆቹ ሐውልቶችም ከቾላ ነገሥታት ዘመን የመጡ ናቸው። በዙሪያው የእሳት ቀለበት አለ፤ በቀኝ እግሩ አላዋቂነትን የሚያመለክት ድንክ ረግጦ ይቆማል፤ ግራ እግሩን ያነሣል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሐውልቱ እግሩን የሚያነሣው ወደ ፊት ነው፤ ልጅቷ ግን ወደ ኋላ ነው ያነሣችው። ስሙ እንጂ ቅርጹ አንድ አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ ዛሬ በየከተማው የሚሰጠው የዮጋ ትምህርት መልኩን የያዘው ባለፈው መቶ ዓመት ነው። ክሪሽናማቻርያ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ አይየንጋር ደግሞ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አቋቋም ከሌሎች ብዙዎች ጋር ለዓለም አስተዋወቀ። በዘመኑ ከነበረው ጂምናስቲክ ብዙ እንደተቀላቀለበት የጻፉ የታሪክ አጥኚዎች አሉ።

እንግዲህ ቀላሉ መልስ ይህ ነበር። ስም ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ አካል ማፍታቻ ነው፤ ልጅቷን ተዉአት። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የጻፍነው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ቀደድነው። የቀደድንበት ምክንያት የራሳችን ታሪክ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በሙሴ ዘመቻ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ወደዚህ አገር ከገቡ በኋላ፣ ለጋብቻ ሲባል ውሃ ውስጥ ገብተው እንዲነከሩ በዋና ራቢዎች በኩል ተጠይቀው ነበር። የተሰጠው ምክንያት ነገሩ ለጥርጣሬ ያህል የሚደረግ ምልክት መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ውሃ ለቤተ እስራኤል እንግዳ ነገር ነውን? እናቶቻችን ከወንዝ ዳር ርቀው መኖር የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በ1985 መጸው፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች እዚሁ ኢየሩሳሌም በዋናው ራቢነት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። «ውሃ ብቻ ነው» የሚለው አላሳመናቸውም። በዚያ ውሃ ውስጥ መግባት እስከ ዛሬ አይሁድ አልነበርንም ብሎ በገዛ አካል መመስከር ይሆንባቸው ነበር። ታዲያ ያኔ «አካል የሚያደርገው ነገር ትርጉም አለው» ያልን ሰዎች፣ ዛሬ «አካል ብቻ ነው፣ ትርጉም የለውም» ብለን አጎትየውን ዝም ልናሰኘው እንዴት እንችላለን? እርሱ ያለው እኮ ያኔ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ነው።

ሌላም አለ። ስግዳችንን እናስታውስ። አሁን በአርሞን ሀነጺብ ሲከበር ባለሥልጣናት ይመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ክነሴት የአገር በዓል ብሎ በሕግ አጽድቆታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ግንባራችንን መሬት ላይ ስናደርግ ጎረቤቶቻችን ግር ይላቸው ነበር። በእነርሱ ዘንድ እስከ መሬት መስገድ የቀረው በተለይ ለዮም ኪፑር ስለሆነ፣ የእኛን ሲያዩ የሌላ ሃይማኖት ሰው የሚያዩ መስሏቸው ነበር። እኛም በበኩላችን እዚህ ስንመጣ አዲስ ነገር አይተናል። ዐሚዳ በሚባለው ጸሎት ጊዜ ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ እንደ አንድ እግር አድርጎ ይቆማል። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያያቸው ፍጥረታት እግራቸው ቀጥ ያለ ስለነበረ፣ ታልሙድ ሰው ሲጸልይ እንደነርሱ እንዲቆም ያስተምራል ተባልን። ለካ በአንድ እግር መቆም ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም!

ለመሆኑ አንድ አቋቋም መቼ ነው ምስክርነት የሚሆነው? በኦሪትና በነቢያት ስንፈልግ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቆሙብን፤ አስቸገሩንም። አንደኛው የሐናንያ፣ የሚሳኤልና የአዛርያ ነው። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቁሞ፣ ዘፈኑ ሲሰማ ሁሉ እንዲወድቅ አዘዘ፤ ሦስቱ እቶን ውስጥ መጣልን መረጡ። ሁለተኛው የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ነው። በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተነክሮ ከለምጹ ከነጻ በኋላ፣ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ መሥዋዕት እንደማያቀርብ ተናገረ። ነገር ግን አንድ ጭንቀት ነበረው። ጌታው ንጉሡ ሬሞን ወደሚባለው ጣዖት ቤት ሲገባ በእርሱ እጅ ይደገፋል፤ ንጉሡ ሲሰግድ እርሱም አብሮ መጎንበሱ አይቀርም። ይህን ለኤልሳዕ አስቀድሞ ነገረው፤ ይቅር እንዲባልም ለመነ። ኤልሳዕ አልተቆጣውም፤ በሰላም አሰናበተው።

አንዱ ከመጎንበስ እሳት መረጠ፤ ሌላው ጎንብሶም በሰላም ሄደ። ልዩነቱ ከወገብ መታጠፍ ላይ አይደለም። ንጉሡ ሦስቱን ሰዎች የጠራቸው ሊመሰክሩ ነው፤ የሚጎነበስ ሁሉ ምን እንዳለ አስቀድሞ ታውጇል፤ ሌላ ትርጉም የሚሰጥበት ቦታ አልተተወለትም። ንዕማን ግን ራሱ አስቀድሞ ተናገረ። ስጎነበስ ይህ ነው እንጂ ያ አይደለም አለ፤ ነቢዩም ሰማው። (ንዕማን እስራኤላዊ አልነበረምና ለእኛ ማስረጃ አይሆንም የሚል አንባቢ ቢኖር አንከራከረውም። የሕጉን ጉዳይ ቄሳችሁን ወይም ራቢያችሁን ጠይቁ፤ ይህ ጋዜጣ ፍርድ ቤት አይደለም።)

በአሜሪካ ነገሩን በስም ሊፈቱት የሞከሩ አሉ። የአላባማ ግዛት የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ዮጋን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልክሎ ነበር። በ2021 የወጣው ሕግ ፈቀደ፤ ሆኖም አቋቋሞቹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እንዲጠሩ አዘዘ። እንዲህ ሲሆን ደግሞ በዚያው አገር የሚኖሩ ሂንዱዎች ቅር ይላቸዋል፤ ከአባቶቻችን የወሰዳችሁትን ምንጩን ሰርዛችሁ ትጠቀሙበታላችሁ ይላሉ። እኛ ይህን ቅሬታ ስንሰማ ከልባችን ገብቶናል። በሌላ ሰው ቤት ስማቸው የተለወጠባቸው ልጆች ወላጆች ነንና። ብዙዎቻችን ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ስም መታወቂያችን ላይ የለም።

ነገሩ በዚህ እንዳለ፣ አንድ ቀን አያትየው ዐይናቸውን ሊታዩ ሲሄዱ አብረናቸው ሄድን። ልጅቷም ነበረች፤ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን አስተርጓሚ እርሷ ናት። ስንመለስ በነቢያት ጎዳና በኩል አድርገን ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍን። ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፤ በግራም በቀኝም የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ዛፍ። ቁጥር 11 ዕብራይስጥን ለዕለት ንግግር ለማብቃት ሲደክም የኖረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የነበረበት ቤት ነው። አክራሪ ጎረቤቶቹ የተቀደሰውን ቋንቋ ወደ ገበያ አወረደው ብለው በጣም ተጣልተውት ነበር። እርሱ ከመቅደስ ወደ መንገድ ያወጣውን ቋንቋ ዛሬ ልጅቷ ለአያቷ በክሊኒክ ትናገርበታለች። ነገሮች ከመቅደስ ሲወጡ ምን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማን ያውቃል?

ትንሽ ወረድ ሲሉ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። ክብ ነው። አያትየው አልገቡም፤ እኛም አልገባንም፤ ከበሩ አጠገብ ጥላ ሥር ዐረፍ አልን። አንድ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያልፉ ልጅቷ ዱላው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ስለሚጸልዩ ይደገፉበታል አልናት። እንዲያውም በቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚደረገው ዝማሬና እንቅስቃሴ ስሙ «አቋቋም» ነው፤ ዓመታት ይፈጃል።

አያትየው በድንገት ጀመሩ። «ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን ዘንድ የአንድ አባት ሥዕል ነበር። አንድ እግሩ ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል፤ እርሱ ግን በቀረው ቆሟል፤ ክንፍም አለው።» አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ማለታቸው ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ፣ ለብዙ ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው እንደተሰበረ ክርስቲያኖች ያስተምራሉ። «የእኔ ሃይማኖት አይደለም» አሉ አያትየው። «ከነርሱ ጋር ዕቃ እንኳ አንነካካም ነበር። ግን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር፣ ይህ ሰው ለማን እንደቆመ ያውቃል እል ነበር። እኔም ቆሜአለሁ። በስግድ ቀን፣ ጾሜ፣ ተራራው ላይ፣ ፊቴን ወደ ኢየሩሳሌም አድርጌ ቆሜአለሁ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ለማን ነው የቆምሽው?»

ልጅቷ መጀመሪያ ሣቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለማንም አይደለም እምዬ» አለች። «እንደዚያ ስቆም ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም። ካሰብኩ እወድቃለሁ። ትምህርት ቤት የሚሉኝ ነገር ያን ጊዜ ብቻ ነው ከጆሮዬ የሚጠፋው።»

ሁላችንም ዝም አልን። ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ስለ ሺቫ፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል፤ የቆመችውን ልጅ ግን አልጠየቅንም። ያኔ በ1985 ሽማግሌዎቹን ያስለቀሳቸው ሌላ ሰው የእነርሱን ሥጋ ይዞ ትርጉሙን ሳይጠይቃቸው መናገሩ አልነበረምን? እኛም በገዛ ልጃችን ላይ ያንኑ አደረግንባት፤ አጎቷ «ጣዖት ነው» ሲል፣ እኛም በቀደድነው ወረቀት «ስፖርት ነው» ስንል።

በአንድ እግር ስለቆመ ሰው በታልሙድ የታወቀ ታሪክ አለ፤ አንዳንዶቻችሁ በኡልፓን ሰምታችሁት ይሆናል። አንድ አሕዛብ ወደ ሻማይ መጥቶ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ ኦሪትን ሁሉ ብታስተምረኝ ወደ ሃይማኖታችሁ እገባለሁ አለው። ሻማይ በእጁ በያዘው የግንበኛ መለኪያ ዱላ አባረረው። ሰውየው ወደ ሂሌል ሄደ። ሂሌል ግን አልተቆጣም። አንተ የምትጠላውን በባልንጀራህ ላይ አታድርግ፣ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነውና ሄደህ ተማር ብሎ ተቀበለው። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚደነቀው የሂሌል መልስ ነው። እኛ ግን ሰሞኑን ስናስብ የነበረው ስለ ጠያቂው እግር ነው። ልጆቻችን እኮ የሚጠይቁን እንደዚያ ነው፤ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ አንድ እግራቸው በር ላይ ሆኖ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጣቸው። ረጅሙን መልስ ቁጭ ብለው እስኪሰሙ ብንጠብቅ አውቶቡሱ ይሄዳል። መለኪያውን ዱላ ብናነሣ ደግሞ፣ ዮጋውን አይተዉም፤ ለእኛ መንገሩን ነው የሚተዉት።

አጎትየው በዚህ ሁሉ ተረታ እንዳትሉ። ከልጅቷ ጋር ማትናሱ ድረስ ሄዶ ክፍሉን አየ። ከፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የዚያ ሐውልት ሥዕል ተሰቅሏል፤ ተማሪዎቹ ዐይናቸውን የሚተክሉት እዚያ ላይ ነው። ይህን እኛ አላወቅንም ነበር፤ ልጅቷም የምታየው የክፈፉን ማእዘን ስለነበረ ልብ አላለችውም። አጎትየው በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ይህች ልጅ ከአንድ አምላክ በቀር ለሌላ የማትሰግድ ቤት ልጅ መሆኗን ለአስተማሪዋ ነገራት። ሴትየዋ ሰማችው፤ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ለሁሉም ተማሪዎች እንደምታስረዳ ተናገረች፤ ሥዕሉን ግን አላወረደችም። እኛ ብንሆን አናወርድም ነበር፤ አንድ ሰው ከቤታችን የቄሱን ፎቶ አውርዱ ቢለን ምን እንደምንል እናውቃለን። ልጅቷ አሁን ምንጣፏን የምታነጥፈው ወደ መስኮቱ ዞራ ነው። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ጽድ አለ።

አጎትየው ስሙን እስከ ዛሬ አልወደደውም፤ በእርሱ ፊት አይጠራም። በቤት ውስጥ ነገሩ «ሽመላ» ነው የሚባለው። ማታ ማታ ልጅቷ ሳሎን ስትለማመድ አያቷ በአማርኛ ይቆጥሩላታል። ባለፈው ሳምንት 40 ሲሉ ሶፋው ላይ ወደቀች።